የበረሃው ትጥቅ፦ የሻዕቢያና የህወሓት ታጋዮች በምን ተዋጉ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄዎቹ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት በሰሜን በረሃ የነበሩት ታጋዮች ስለታጠቁት መሣሪያና ስለያዙት ቁሳቁስ የቀረቡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሲጀምሩ በእጃቸው ምን ነበር?

መልስ፦ እጅግ ጥቂት። ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. የኤርትራን የትጥቅ ትግል የጀመረው ሐሚድ ኢድሪስ አዋተ አዳል ተራራ ላይ ተኩስ ሲከፍት ጓደኞቹ የያዙት ከጣሊያን ዘመን የተረፈ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ህወሓትም የካቲት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ደደቢት ላይ ሲጀምር የነበረው መሣሪያ በጣት የሚቆጠር ነበር። በዚያው የመጀመሪያ ዘመን የአክሱምን ፖሊስ ጣቢያ የመታውም ለዚህ ነው፤ የመሣሪያ መጋዘኑ እዚያ ነበር።

ከጠመንጃው ማርጀት ይልቅ የሚብሰው የጥይቱ አለመገጣጠም ነው። የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 ሚ.ሜ. ይጎርሳል፣ ቤልጂጉ 7.92፣ የእንግሊዙ ሊ-ኤንፊልድ 7.7። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ተኝቶ አንዱ ጥይት ቢያልቅበት ከባልንጀራው መበደር አይችልም። ከንጉሡ ጦር የተገኘው የአሜሪካ ኤም-1 ደግሞ 8 ጥይት አንድ ላይ በሚያቅፍ ቀጭን ብረት ነው የሚጎርሰው። የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ብረቱ ተፈናጥሮ ይወጣል። በጨለማ ሣር ውስጥ ወድቆ ከቀረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መሣሪያ አንድ በአንድ እየጎረሰ የሚተኩስ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክላሽ የገነነው በጥራቱ ነው ወይስ ስለበዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስለበዛ ነው። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ሶቪየት ኅብረት ለደርግ በአውሮፕላንና በመርከብ መሣሪያ ስታጎርፍ የመንግሥቱ ጦር ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ትጥቅ ዞረ። ታጋዩም የሚማርከው ከዚያ ጦር ነውና አብሮ ዞረ። ሰው ስለ ጠመንጃው ብዙ ያወራል፤ እኔ ግን ትልቁን ለውጥ ያመጣው ጥይቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ባይ ነኝ። ምሽግ ሰብሮ የገባ ታጋይ የሟቹን ካዝና (የጥይት መያዣ) አንስቶ በራሱ ክላሽ ላይ ሰክቶ መተኮስ ቻለ። የተቃራኒው ጦር ስንቅና ትጥቅ ክፍል የእሱም ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ 7.62 ተብሎ የተጻፈ ሁሉ አንድ አይደለም። በዚያ በረሃ አራት ዓይነት 7.62 ነበር። የክላሹ ቀለህ 39 ሚ.ሜ. ይረዝማል፣ ወደ አፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የፒኬኤም መትረየሱ 54 ነው፤ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፣ በጥፍርዎ ቢያሻሹት ጥፍርዎን ይይዛል። የጀርመን ሥሪት የሆነው የጂ-3 ጠመንጃ 51 ነው፣ ከንፈር የለውም። የኤም-1ዱ 63። አራቱን መዳፍ ላይ ቢደረድሯቸው ልጅ እንኳ ይለያቸዋል። ታሽገው በሌሊት በግመል ሲመጡ ግን ሌላ ነው። ባለ 54ቱ ሳጥን ክላሽ ብቻ ለያዘ ጋንታ ከደረሰ ያ ሁሉ ሸክም ድንጋይ ነው።

ጥያቄ፦ ክላሽ አይጸዳም፣ አይበላሽም የሚባለውስ?

መልስ፦ ተረት ነው። አቧራ ይችላል፣ ዝገት ግን አይችልም። የድሮው የሶቪየት ጥይት፣ ምቱን የምትቀበለው ትንሿ ክዳን ስትፈነዳ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ትታ ትሄዳለች። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። እንደ ሰምሃር ባለ ወበቃማ የባሕር ዳርቻ አፈሙዙ ባጭር ጊዜ ውስጥ ይዝጋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ መጀመሪያ በውሃ፣ ከተገኘም በፈላ ውሃ፣ ታጥቦ፣ በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ከዚያ በስሱ ዘይት ይቀባል። ዘይት ማብዛትም ጥፋት ነው፤ አሸዋውን አቡክቶ ሊጥ ያደርገዋል። ውሃ ለመጠጥ በሚለካበት በሰሜን ኤርትራው የሳህል በረሃ ጠመንጃ ማጠብ ምን ያህል ውሳኔ እንደሚጠይቅ አስቡት።

ጥያቄ፦ አንድ ታጋይ ስንት ጥይት ይዞ ይሄድ ነበር?

መልስ፦ እንደ ዘመኑና እንደ ግዳጁ ይለያያል፤ በክብደት ብናስበው ይሻላል። 30 ጥይት የጎረሰ አንድ የብረት ካዝና ወደ 820 ግራም ነው፤ አራት ካዝና፣ ማለትም 120 ጥይት፣ 3.3 ኪሎ። ክላሹ ራሱ ከ3 ኪሎ በላይ። ሁለት የእጅ ቦንብ ከኪሎ በላይ፣ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ኮዳ፣ ዱቄት፣ ነጠላ። ይህን ተሸክሞ ሌሊቱን በሙሉ ተራራ መውጣት ነው።

ከባድ መሣሪያ ላይ ሲመጣ ሒሳቡ ያስደነግጣል። የ82 ሚ.ሜ. ሞርታር አንድ ቅምቡላ ወደ 3.1 ኪሎ ነው። አንድ ግመል 150 ኪሎ ቢሸከም 48 ቅምቡላ፤ የሠለጠነ ምድብተኛ ይህን በሦስት ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል። ቢኤም-21 የሚባለው በመኪና ላይ የተጫነ ሮኬት ተኳሽ ደግሞ አንዱ ሮኬቱ 66 ኪሎ ነው፣ አርባ አፈሙዝ አለው፤ አንድ ሙሉ ተኩስ 2,640 ኪሎ፣ ወደ 18 ግመል ጭነት፣ በ20 ሰከንድ ያልቃል። ለዚህ ነው የማረኩትን ሁሉ ያልተኮሱት። መሣሪያ ማግኘትና መሣሪያ መመገብ ለየቅል ነው፤ ከሱዳን በኩል በሌሊት መብራት አጥፍተው ይጓዙ የነበሩት የጭነት መኪኖች ለዚህ ጦርነት ከታንክ ባልተናነሰ ሠርተዋል። ቀን ቀን የደርግ ሚግ የጦር አውሮፕላን ስለሚያስስ መኪናው ጭቃ ተለቅልቆ ግራር ስር ይውላል።

ጥያቄ፦ ታንክ መማረክ አንድ ነገር ነው። ገበሬና ተማሪ እንዴት ነዳው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ቲ-55 ወደ 36 ቶን ነው፣ አራት ሰው ይፈልጋል፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ሹፌር። ባትሪው ሞቶ ቢገኝ እንኳ ሞተሩን በታመቀ አየር የሚያስነሳ ጠርሙስ አለው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደህና ታንክ ጥሎ ይሄዳል። አየር ማጣሪያው ዘይት ውስጥ አቧራ የሚያስቀር ዓይነት ነው፤ በቆላው አቧራ ቶሎ ቶሎ ካልታጠበ ሞተሩን ይበላዋል። ነዳጁም በ100 ኪሎ ሜትር ከ150 እስከ 200 ሊትር ነው። ሙያውን ከየት አመጡት ላልከው፣ ብዙው ከመንግሥቱ ጦር ነው፤ የተማረኩና እጃቸውን የሰጡ ሹፌሮችና መካኒኮች ነበሩ።

መድፍ ደግሞ ከታንክም ያስቸግራል። ሸሺው ጦር ማነጣጠሪያውን ከነቀለ ወይም መዝጊያውን ካወጣ 130 ሚ.ሜ. መድፍ፣ ያ 27 ኪሎ ሜትር የሚወረውረው፣ ቧንቧ ነው። ማነጣጠሪያው ኖሮ የመተኮሻ ሰንጠረዡ ከጠፋም ለየትኛው ርቀት ስንት ከፍታ እንደሚሰጥ በግምት ይሆናል፤ በግምት የተተኮሰ መድፍ ደግሞ የራስን ወገን ይመታል።

ጥያቄ፦ አፍአበት ላይ ያን ያህል መሣሪያ እንዴት ተገኘ?

መልስ፦ መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ የነበረው የደርግ ጦር፣ የናደው እዝ፣ ሲፈርስ ከባድ መሣሪያ የጫነው ሰልፍ በአድ ሽሩም መተላለፊያ ለመውጣት ሞከረ። ጠባብ ሸለቆ ነው። የፊተኛው ታንክ ሲመታ መንገዱ ተዘጋ፤ የኋላው መዞሪያ አጣ። መሣሪያው እንዳይማረክ የመንግሥቱ አውሮፕላኖች የራሳቸውን ሰልፍ ደበደቡ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ በሕይወት የነበሩ ወታደሮች ነበሩ፣ የኢትዮጵያ ልጆች፤ የብረቱ ቁጥር ሲነሳ እነሱ አይረሱ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምርኮ ወደ 50 ታንክና 60 መድፍ ነው። ህወሓት ደግሞ ተመሳሳዩን ያገኘው የካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ የደርግ 604ኛው ኮር ሲደመሰስ ነው።

ጥያቄ፦ እውነት ከውጭ ምንም አላገኙም?

መልስ፦ «ሁሉም ከጠላት የተማረከ ነው» የሚለው ወደ እውነት ይጠጋል፣ ሙሉ ግን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኤርትራውያን ታጋዮች ከዐረብ አገሮች፣ በተለይም ከሶሪያ፣ እርዳታ አግኝተዋል፤ ቻይናና ኩባም ጥቂቶችን አሠልጥነዋል። ሱዳን እስከ መጨረሻው በር ነበረች። ከ1970 ዓ.ም. በኋላ ግን የከባድ መሣሪያው ምንጭ በአመዛኙ ምርኮ ነው።

ጥያቄ፦ ያ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማስ? እናቴ ኮንጎ ትለዋለች።

መልስ፦ ኤርትራውያን ሺዳ ይሉታል፤ አስመራ ላይ ሐውልት ቆሞለታል። እህቴ፣ ከመሣሪያው ሁሉ በልጦ የሚያስገርመኝ እሱ ነው። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ውሃ አይቋጥርም፣ ስለዚህ እግር አይላጥም። ማሰሪያው ሲበጠስ ጫማ ሰፊ አያስፈልግም፤ ቢላዋ ወይም ሽቦ በእሳት ግሎ ሁለቱ ጫፎች ይቀልጣሉ፣ ይጣበቃሉ፣ እስኪበርድ በጣት ይያዛሉ። ሻዕቢያ በነፃ ቀጠናው ራሱ ያመርተው ነበር። ጉድለቱም አለ፤ የግራር እሾህ ይወጋዋል፣ በቀትር የጋለ ድንጋይ ላይ ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ ቁስለኛ ምን ይደረግ ነበር?

መልስ፦ በሻዕቢያ ነፃ ቀጠና ኦሮታ ላይ በሸለቆና በዓለት ውስጥ የተደበቀ ሆስፒታል ነበር፤ ቀዶ ጥገና ይደረግበታል፣ ክኒንና ጉሉኮስም ያመርቱ ነበር። ጉሉኮስ ማምረት ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ፍጹም ንጹሕ ካልሆነ ያው የሚያድነው ከረጢት ይገድላል፤ መርፌ እንደልብ በማይገኝበት ጫካ ያንን ንጽሕና መጠበቅ ለእኔ ታንክ ከመማረክ ያንሳል አልልም።

ጥያቄ፦ ምጣድ ሳይኖር ምን ይበላል?

መልስ፦ ቡርኩታ። ድንጋይ በእሳት ይግላል፣ የማሽላ ወይም የስንዴ ሊጥ ይጠቀለልበታል፣ ፍም ላይ ይቀመጣል። ከውስጥ ድንጋዩ፣ ከውጭ ፍሙ ያበስለዋል። ድንጋዩ ከወንዝ የወጣ እርጥብ ከሆነ ይፈነዳልና ደረቁን መምረጥ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ እርሻ ላይ ዝገት የበላው፣ ጭራው ክንፍ ያለው ብረት ወጣ። ብንሸጠውስ?

መልስ፦ አትንኩት! ክንፍ ያለው ምናልባት የሞርታር ቅምቡላ ነው፤ ዝገት የበላው ደግሞ ከአዲሱ ይብሳል። አታንሱት፣ አትቅበሩት፣ ውሃ አታፍስሱበት፣ አጠገቡ እሳት አታንድዱ። ራቅ ብላችሁ ድንጋይ ክምር አድርጉና ልጆችንና ከብቶችን አርቁ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ዛሬውኑ ለፖሊስ ወይም በአቅራቢያ ላለ ሠራዊት ንገሩ። ለቁርጥራጭ ብረት ብለው መዶሻ ያነሱ ሰዎች እጃቸውንና ልጆቻቸውን አጥተዋል።

ጥያቄ፦ የተተኮሰ ቀለህ አለኝ፣ ግርጌው ላይ 60 እና 77 ይላል። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የሶቪየት ከሆነ አንዱ ቁጥር ፋብሪካው፣ ሌላው ዓመቱ ነው። 60 ፍሩንዜ ነው፣ ዛሬ ቢሽኬክ የሚባለው፤ 17 ባርናውል፣ 188 ኖቮሲቢርስክ፣ 270 ሉሃንስክ፣ 539 ቱላ። 77 በፈረንጅ 1977 ነው፣ በእኛ 1969 ወይም 1970 ዓ.ም.። ርዝመቱን ለካው፦ 39 ሚ.ሜ. ከሆነ የክላሽ ነው፣ 54 ሆኖ ከንፈር ካለው የመትረየስ። በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥቁር ሰንበሮች ያሉበት ባለ 51 ሌላ ቀለህ ቢገጥምህ ደግሞ ጂ-3 የተፋው ነው፤ ሰንበሩን የሚያወጣው በመጉረሻው ውስጥ የተቀረጸው ቦይ ነው።