ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ጀርመን ለምትሄጂው እህት

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ለ12 ወር ቢኤፍዲ፣ ማለትም ለጀርመን ፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተቀብሎሻል፣ የጀርመንኛ ደረጃሽ ቢ1፣ መካከለኛ ነው። ምን ልዘጋጅ፣ ሥራው ሲጀመር እንዴት ነው፣ ምንስ ይዤ ልምጣ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ስቱትጋርት አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቢኤፍዲ ጨርሼ አሁን የነርስ አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ላይ ነኝ። ስለ ኤምባሲ ቀጠሮ ሌሎች በደንብ ስለመለሱልሽ እኔ ወደ ሌላው ልለፍ።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ብቻ። የቢኤፍዲ ስምምነት ከመጦሪያው ጋር ብቻ ተፈርሞ አያልቅም። የጀርመን ፌዴራል መንግሥትም ተፈራራሚ ነው፣ ይህንንም የሚሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮሎኝ ያለው የቤተሰብና የሲቪል ማኅበረሰብ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው። ደላላ «ውልሽ አልቋል፣ ይህን ያህል ብር አስገቢ» ካለሽ መጀመሪያ ያንን ፊርማ ፈልጊ። እንደ ዲያኮኒና ካሪታስ ያሉ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅቶችና የጀርመን ቀይ መስቀል ማመልከቻ በቀጥታ ከአመልካቹ ይቀበላሉ፣ መሀል ላይ ሰው አያስፈልግም።

ገንዘቡን በተመለከተ ከአንቺ ይልቅ ቤተሰብሽን አዘጋጂ። ይህ ደሞዝ አይደለም፣ የኪስ ገንዘብ ነው። ጣሪያውን ሕግ ይወስነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 644 ዩሮ ነበር፣ ብዙ ቤቶች ግን ከዚያ በታች ነው የሚከፍሉት። የጤናም የጡረታም መዋጮሽን መጦሪያው ይችልልሻል። መኝታና ምግብ ይሰጡ እንደሆነ፣ ካልሰጡ በምትኩ ስንት እንደሚከፍሉ ውሉ ላይ አንብቢ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኛ ሰፈር «ጀርመን ገባች» ከተባለ ማግስት የአክስት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጎት ሕክምና ይመጣል። ሳትሄጂ አባትሽንና እናትሽን ቁጭ አድርገሽ «ለአንድ ዓመት ከእኔ ምንም አትጠብቁ» በያቸው። ለጉዞ የተበደርሽው ካለ ደግሞ በዚህ ገንዘብ በአንድ ዓመት እከፍላለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቢ1 ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ በመጀመሪያው ቀን ግን ምንም የተማርሽ አይመስልሽም። ስድስት ኪሎ ጎተ ተቋም የሚያስተምሩት ጀርመንኛ ሌላ፣ የ88 ዓመት የሽቫብ (የዚያ አካባቢ ቀበልኛ የሚናገር) ገበሬ ጥርሱን ሳያደርግ የሚናገረው ሌላ ነው። ከአሁኑ የአካባቢውን ጣቢያ የኤስ ቬ ኤርን ሬዲዮ ክፈቺና ጆሮሽ ይልመድ። ከሰዋስው ይልቅ የሰውነት ክፍሎችን፣ የሕመም ዓይነቶችን፣ የአልጋና የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎችን አጥኚ። ሮላቶር የምትባለውን በጎማ የምትገፋ መደገፊያ በቀን መቶ ጊዜ ትሰሚያታለሽ።

ከቋንቋውም የሚብሰው የእኛ «እሺ» ነው። ተረኛዋ ነርስ በፍጥነት አምስት ነገር ትነግርሻለች፤ ላለማስቸገር ብለሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። አገራችን ይህ ጨዋነት ነው፣ እዚያ ግን ለሰው አደጋ ነው። አንዲት እናት መጠጥ ሲውጡ ስለሚያንቃቸው ውሃ በማወፈሪያ ዱቄት ካልተበጠበጠ አይሰጣቸው ከተባለና አንቺ ሳይገባሽ ነቅንቀሽ ከሄድሽ የሚመጣውን አስቢው። «አልገባኝም፣ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» የሚለውን አፍሽ እስኪለምደው ተለማመጂ። የሚቆጡም አሉ፣ ይቆጡ።

ሁለተኛው ደግሞ እርዳታ ማብዛት ነው። እኛ አዛውንት ሲንቀጠቀጡ አይተን ዝም ማለት ነውር ነው፣ ማንኪያውን ተቀብለን እናጎርሳለን። እዚያ ሩብ ሰዓት ቢፈጅባቸውም የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው እንዲቆልፉ ትጠብቂያለሽ። ምክንያት አለው፣ እጅ ካልሠራ ይረሳል፣ የረሳ እጅ በዚያ ዕድሜ በቀላሉ አይመለስም። በር ሳታንኳኪ አትግቢ፣ ሳትጠይቂ አትንኪ፣ በጀርመንኛ «አንቱ» ማለት የሆነውን «ዚ» አትርሺ፣ «እማማ» የሚለው ግን በሆድሽ ይቅር። ይህ ለእኔ ከብርዱ ይልቅ ከብዶኝ ነበር። የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት ልጃቸው እንደሆንሽ አስበው እጅሽን ሲይዙ ግን ያዢላቸው፣ ማንም አይቆጣሽም።

ድንበርሽንም እወቂ። በሕጉ በጎ ፈቃደኛ ተጨማሪ እጅ እንጂ የሠራተኛ ምትክ አይደለም። መድኃኒት ማደል የአንቺ ሥራ አይደለም፣ ኮሪደሩን ብቻሽን ይዘሽ ማደርም እንዲሁ። ሰው ስለሚያጥር ቀስ በቀስ እየገፉ የሚያሸክሙ ቤቶች አሉ፣ እኔም ደርሶብኛል። የዚህ መፍትሔው በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው የሚማሩበት ሴሚናር ነው። ዕድሜሽ ከ27 በታች ከሆነ በዓመት 25 የሴሚናር ቀን አለሽ፣ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ገና ትምህርት ቤት የጨረሱ የ18 ዓመት ጀርመኖች ናቸው፣ መጀመሪያ ከልጆች ጋር የምትጫወቺ ይመስልሻል። ሆኖም የሴሚናሩ አስተባባሪ አለቃሽ ስላልሆነች የከበደሽን የምትነግሪያት እሷ ናት። የቤቱን ኃላፊ ደውላ ስታናግር ነገሩ ይስተካከላል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቤት እንደገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ (የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ) አድርጊ፤ ብዙው ነገር እሱን ይጠብቃል። በፓስፖርትሽ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያትሽ ስም ስለሆነ «ፍራው» (ወይዘሮ) ብለው በአያትሽ ስም ይጠሩሻል፣ ዞር ብለሽ ማንን ነው አትበይ። የጠዋት ፈረቃ «ስድስት ሰዓት» ሲሉሽ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ከታመምሽ ፈረቃሽ ሳይጀምር ደውይ። ጾም ካለሽ ለወጥ ቤቱ «ቪጋን» በያቸው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሞትም ታያለሽ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ብቻሽን ወደ ክፍልሽ አትሂጂ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ቡና ጠጪ።

«ከዓመቱ በኋላስ?» ላልሽው ብዙዎቻችን እዚያው አውስቢልዱንግ ጀምረናል። ግን ኮንትራቱን ለመፈለግ የመጨረሻውን ወር አትጠብቂ፣ ከግማሹ ጀምሮ ኃላፊዋን አናግሪ።

ሻንጣውን በተመለከተ የክረምት ካፖርት ከመርካቶ አትግዢ፣ እዚያ ያገለገለ በርካሽ አለ። የሚያስፈልግሽ የማያንሸራትት፣ የሚታጠብ የሥራ ጫማ ነው። በርበሬና ሽሮ አሽገሽ ያዢ። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቋንጣውንና ንጥር ቅቤውን ግን ኤርፖርት ላይ ከሚጥሉብሽ ለእናትሽ ተይላት።