ለወታደር ቅዱስ መጽሐፍ ማደል ጦርነቱን መባረክ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከልጆቼ ጋር ሙዚየም ገብቼ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በኪሳቸው ይይዙት የነበረ ትንሽ አዲስ ኪዳን አየሁ። የሰሜኑም የደቡቡም ወታደር ይዞት ነበር። እየተገዳደሉ ለሁለቱም ማደሉ ምን ይባላል? ማኅበራችንም ሀገር ቤት ላሉ ወታደሮች መንፈሳዊ መጽሐፍ እንላክ ብሎ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ላዋጣ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ያዋጡ። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን «እኛስ ምን እናድርግ?» ሲሉት አላባረራቸውም። «በማንም ግፍ አትሥሩ፥ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፥ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው (ሉቃ. 3፥14)። ለወታደር የሚነገር ቃል እንዲህ ነው። ጠላቱን ሳይሆን ራሱን ይይዘዋል።

ጭንቁ የሚታደለው ምንድን ነው የሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1643 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ንጉሡን ይወጋ ለነበረው የፓርላማው ጦር «የወታደር የኪስ መጽሐፍ ቅዱስ» የምትባል 16 ገጽ ያላት መጽሐፍ ታተመች። ስሟ ነው መጽሐፍ ቅዱስ እንጂ የተለቀሙ ጥቅሶች ናት። አንዱ ርእሷ፣ ወታደር ጠላቱን የራሱ ጠላት ስለሆነ ይውደደው፣ የእግዚአብሔር ጠላት ስለሆነ ግን ይጥላው ይላል። ከሥሩ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው የጌታ ቃል አለ፤ ቀጥሎ ስለ መጥላት የሚናገር የመዝሙር ጥቅስ። ጉድ እኮ ነው! የእግዚአብሔር ጠላት ማን እንደሆነ የሚነግረው ደግሞ አዛዡ ነው። ይህችው መጽሐፍ በ1861 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታተመች።

እርስዎ ያዩት ዓይነት ሙሉ አዲስ ኪዳን ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የውጊያ መስመር አሻግሮ ለደቡቡ ወታደር ጭምር ልኳል። ሙሉው መጽሐፍ ማንንም ሳይመርጥ ሁሉንም ይወቅሳል። የደቡቡ ትንንሽ መንፈሳዊ ጽሑፎች ስድብን፣ መጠጥንና ቁማርን አጥብቀው ያወግዙ ነበር። ደቡቡ የሚዋጋለትን ባርነት ግን ማን ደፍሮ ይነካዋል! ወታደሩም ወደ ውጊያ ሲሄድ የቁማር ካርታውን መንገድ ላይ ጥሎ አዲስ ኪዳኑን ደረት ኪሱ ይከት ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1865 ሁለቱም ወገን አንድ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ወደ አንድ አምላክ ይጸልያሉ፣ አንዱም በሌላው ላይ ረድኤቱን ይለምናል ያለው ይህንን ነው።

ደረት ኪስ ካልኩ አይቀር፣ መጽሐፉን እንደ ጥይት መከላከያ መያዝ የኛም ሰው ችግር ነው። ዳዊቱን በማኅደር አንግቶ አንድ ቀን ሳይደግም የሚውል ስንቱ ነው! እስራኤል ንስሐ ሳይገቡ ታቦቱን ይዘው ዘመቱ፤ ተሸነፉ፣ ታቦቱም ተማረከ (1ሳሙ. 4)። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውንም መዝሙር ዲያብሎስ ጌታን ሲፈትን ጠቅሶታል (ማቴ. 4፥6)። ጥቅስ መምዘዝ ለእሱም አይከብደውም።

ስለዚህ ለማኅበራችሁ ይንገሩ። ሙሉ አዲስ ኪዳንና መዝሙረ ዳዊት ላኩ። የተለቀመ ጥቅስ አይሁን። «ለጀግናው ሠራዊታችን» የሚል መግቢያ አትጨምሩበት። ለምርኮኛና በሆስፒታል ለተኛ ቁስለኛም ይድረስ፤ የየትኛው ወገን ነው ብላችሁ አትጠይቁ። ይህን አንቀበልም ካሉ ገንዘብዎን ይዘው ይቆዩና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።