ስለ ሞርፊን ለጠየቀችኝ ወጣት ነርስና ለጓደኞቿ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሥልጠና አንዲት ወጣት ነርስ እጇን አውጥታ «ሲስተር፣ ሞርፊን ስንሰጥ ሞቱን እያፋጠንን አይደለም ወይ?» አለችኝ። ይህ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ በትክክለኛው መጠን ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ እየተባለ ከተጨመረ አያፋጥንም ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አንድ መምህር ትዝ አሉኝ።

ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሆስፒሳችን፣ ማለትም የማይድኑ በሽተኞችን ሕመም እያስታገሠ እስከ መጨረሻው የሚንከባከበው ድርጅታችን፣ በበጎ አድራጊዎች መዋጮ ስለሚሠራ ቤተሰቡ ከኪሱ የሚያወጣው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ወደ እኛ የተላኩት እጅግ ዘግይተው ነው። የሞርፊን ሽሮፕ ከታዘዘላቸው ሰንብቷል። ጠርሙሱን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ትልቋ ልጃቸው ከቁም ሳጥኑ፣ ከልብስ ሥር አወጣችው። ከአንገቱ ጥቂት ብቻ ጎድሏል። «ሱስ ይሆንባቸዋል ብለን ስለፈራን ሲጮኹ ብቻ ነው የምንሰጣቸው» አለች። ልቆጣ ዳድቶኝ ነበር። በእንቅልፍ እጦት የቀላውን ዓይኗን ሳይ ተውኩት።

መምህሩ ጉልበታቸውን አጥፈው በአንድ ጎናቸው ተኝተዋል። አንሶላው ሲነካቸው እንኳ ፊታቸው ይጨማደዳል። ከልጃቸው ጋር ተቀምጠን ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመርን፦ ሕመሙ ኖረም አልኖረም፣ ሞርፊኑ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል። ለሆድ ድርቀት ማለስለሻ አስከተልን፤ ሞርፊንን ያለ ማለስለሻ መጀመር ሌላ ስቃይ መጋበዝ ነው። አልጋ በውሰት ከማከማቻችን መጣ። ሹፌራችን በጎ ፈቃደኛ ነበር፤ በጣም ወሬኛ ሰው፣ ግን አልጋ ሲገጣጥም ድምፁ አይሰማም። ሌሊቱን ሌላ በጎ ፈቃደኛ አጠገባቸው አድራ ልጅቷ ተኛች።

በማግስቱ ስመለስ መምህሩ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሠንጠረዡን አገላብጠው አዩና «መስመሩ ጠማማ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መሞታቸው አይደለም፤ መድኃኒቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲያቃስቱ ያደሩባቸው ሌሊቶች ናቸው።

ይህ እኮ ትናንት የተገኘ እውቀት አይደለም። ዶክተር ሲሲሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን ከመክፈታቸው በፊት እንኳ ሞርፊን ሕመሙ ሳይመለስ በሰዓቱ መሰጠት እንዳለበት ይናገሩ ነበር። ዶክተር አን ሜሪማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ዑጋንዳ ውስጥ ሆስፒስ ሲያቋቁሙ በርካሽ የሚዘጋጅ ፈሳሽ ሞርፊን ይዘው ወደ በሽተኞች ቤት ዘለቁ። ስለዚህ መድኃኒቱ በሌለበት እጥረቱን እንውቀስ፤ ጠርሙሱ ቤት ውስጥ እያለ ግን ከፍርሃት ጋር ነው ትግላችን።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ችኩሎች ናችሁ። ሳትቀመጡ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ከበሽተኛው ፊት ይልቅ ስልካችሁን ታያላችሁ። እኛ በእናንተ ዕድሜ አፋችን ላይ የቀረውን ጥያቄ በአደባባይ ትጠይቃላችሁ፤ ይህን ደግሞ እወድላችኋለሁ። ቅጹንም ቢሆን አትናቁት፤ የመምህሩን ስቃይ ያበረደው በወረቀት ላይ የተሰመረ ሰዓት ነበር።

እጅ ስለ መታጠብና ስለ ትሕትና አልጽፍላችሁም፤ ያ ያልገባው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል። አስታማሚዎቹን ግን እዩልኝ። በመጨረሻው ሰሞን በሽተኛው መብላት ሲተው «በረሃብ ገደልነው» ብለው ራሳቸውን ይከሳሉ። ሰውነቱ ምግብ መቀበል ማቆሙን፣ በግድ ማጉረስ ትን ሊያስብል እንደሚችል ረጋ ብላችሁ ንገሯቸው። እጃቸው ሥራ ስለሚፈልግ የደረቀ ከንፈር በራሰ ጨርቅ ማርጠብ አስተምሯቸው። ከሞቱም በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ብቅ በሉ፤ የመምህሩ ልጅ ከሐዘኑ ሳምንታት በኋላም የጠየቀችኝ ያንኑ ነበር፦ «ቀድመን ብንሰጣቸው ኖሮ?»

የሌሊቱን ስልክ ቁጥር ደግሞ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፋችሁ መድኃኒቱ ካለበት አጠገብ ለጥፉ። ልጅቷ እኛን ከማግኘቷ በፊት በእኩለ ሌሊት የምትደውልለት ሰው አልነበራትም።