ጥያቄሽ አጠረ ተብለሽ ከጋዜጠኝነት አትውጪ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ጋዜጠኝነት አራተኛ ዓመት ነሽ፣ አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዜና ክፍል ኢንተርንሺፕ ላይ ነሽ፣ እዛ ያሉት አንከሮች (ዜና አቅራቢዎች) እንግዳ ጋብዘው ራሳቸው ሲያወሩ ሰዓቱ ያልቃል፣ አንቺ ደግሞ አንድ ኃላፊን "ፕሮጀክቱ ለምን ዘገየ?" ብለሽ ስትጠይቂ ኤዲተርሽ "ተዘጋጅተሽ አልመጣሽም" አለሽ፣ አሁን ተስፋ ቆርጠሽ ህዝብ ግንኙነት ልግባ እንዴ ትያለሽ።

ብስጭትሽ ይገባኛል። እኔም በቀደም ለት ስልኬ ላይ ሰዓት ከፍቼ አንድ የዜና ኢንተርቪው ለካሁ። ጠያቂው "እንደሚታወቀው" ብሎ ጀመረ፣ ከዛ የኋላ ታሪክ፣ ከዛ "በሌላ በኩል ደግሞ"፣ ከዛ "ይህንን ከምን አንጻር ያዩታል፣ ቀጣይ አቅጣጫውስ፣ ከህብረተሰቡስ ምን ይጠበቃል" ብሎ እስኪጨርስ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሄደ። እንግዳው አመስግኖ የመጨረሻዋን ብቻ መለሰ፣ የህብረተሰቡን። ሌሎቹ ተረሱ፣ ጠያቂውም ራሱ ረሳቸው መሰለኝ አልተመለሰባቸውም። ሂሳቡን አስቢው እስኪ፣ 8 ደቂቃ በተሰጠው ኢንተርቪው ላይ 5 ጥያቄ ባንድ ባንድ ደቂቃ ከጠየቅሽ ለእንግዳው የቀረው 3 ደቂቃ ነው፣ ታዲያ ሰውየውን ከቢሮው ምን ብለሽ አስመጣሽው?

ጆን ሳዋትስኪ የሚባል ካናዳዊ ጋዜጠኛ አለ፣ አሜሪካ ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ገብቶ ጠያቂዎችን ያሰለጠነ፣ ስራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ጥያቄ ላይ የራስሽን አስተያየት ከጫንሽበት ሰውየው ጥያቄሽን ትቶ አስተያየትሽን ይመልስልሻል፣ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ካቀረብሽ ደግሞ የቀለለችውን ያነሳል ይላል። በቃ ይሄው ነው።

ግን ሰዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንዳንዱ ትልቅ ሰው ፊት አጭር ጥያቄ መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ማንበቡ እንዲታወቅለት ይፈልጋል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚቀጥለው ዘገባ ስላልደረሰ ከኮንትሮል ሩም በጆሮው "ጎተት አድርገው" እየተባለ ነው። የቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን በ1997 የቀድሞውን የእንግሊዝ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን አንዷን ጥያቄ ወደ አስራ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ የጠየቀበት ኢንተርቪው አለ፣ ኋላ ላይ ሲናገር የሚቀጥለው ዘገባ ስላልተዘጋጀ ሰዓት እየገፋሁ ነበር ብሏል። እሱም ጎተተ እንግዲህ፣ ግን በጥያቄ ነው የጎተተው እንጂ በመግቢያ አይደለም።

"ባህላችን ነው፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ" የሚሉሽም አይጠፉም። እሺ፣ የድሮው በላ ልበልሃም ላይ ሰው በግጥም አሳምሮ ነበር የሚገባው፣ ግን እሱ ባለጉዳይ ነው፣ የራሱን ክስ ነው የሚያሰማው። አንቺ ስቱዲዮ ውስጥ ባለጉዳይ አይደለሽም።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ኤዲተርሽ ግማሽ እውነት አለው። "ለምን ዘገየ?" አጭር ናት ግን ባዶ ናት፣ ሰውየው "በተለያዩ ምክንያቶች" ብሎ ማለፍ ይችላል፣ አልፎም ይሆናል። "በሰኔ ያልቃል ብላችሁ ነበር፣ አሁን ጥር ነው፣ ምን ገጠማችሁ?" ብትይው ኖሮ ግን ከዛው ብዙም አልረዘመችም፣ ሆኖም ሰነዱን አይተሽ እንደመጣሽ ያውቃል፣ ኤዲተርሽም ያውቃል። አጭር ጥያቄ ከረጅሙ የበለጠ ዝግጅት ነው የሚፈልገው፣ ረጅሙን እኮ ማንም እየሄደ መንገድ ላይ ይሰራዋል።

ስለዚህ ከኤዲተርሽ ጋር በቲዎሪ አትከራከሪ፣ ገና ኢንተርን ነሽ። ለኢንተርቪው ከመውጣትሽ በፊት አንድ ገጽ ስጪው፣ ጥያቄዋ፣ ከስሯ ያገኘሽው ቀን ወይም ቁጥር ወይም ደብዳቤ፣ ሰውየው ቢሸሽ የምትከተይበት ሁለተኛ ጥያቄ። መግቢያ የግድ ነው ካለሽ ለተመልካቹ በስክሪፕት አንብቢው፣ እንግዳው ላይ አትጫኚው። አክብሮት ከሆነ የፈሩት "ክቡር" እና "እርስዎ" ይበቃል፣ ሲሸሽ ደግሞ "ይቅርታ ላቋርጥዎትና" ብለሽ መመለስ ነውር አይደለም።

ህዝብ ግንኙነት ጥሩ ስራ ነው፣ ከወደድሽው ግቢበት፣ ግን ከዚህ ሸሽተሽ ከሆነ እዛ የምትጽፊው ያንን ረጅም መልስ መሆኑን እወቂ ሃሃ። ይልቅ ሬዲዮም አስቢ። የሸገሯ መዓዛ ብሩ "የጨዋታ እንግዳ" ላይ ሰው ስታወያይ ፕሮግራሙ ረጅም ነው፣ የሚያወራው ግን እንግዳው ነው፣ ረጅም ኢንተርቪውና ረጅም ጥያቄ ለየቅል መሆናቸውን እዛ ታያለሽ።

ለስራ ስታመለክቺ ከሲቪሽ ጋር ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ክሊፕ አያይዢ። ቅጥር ላይ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ ዘጠና ከመቶው ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ ያነበበውን ነው የሚልከው ብልሽ ማጋነን አይሆንብኝም። አንቺ እንግዳው አንድ ነገር ሲያመልጠው ሰምተሽ ወረቀትሽ ላይ ያልነበረ ጥያቄ የጠየቅሽበትን ቦታ ቆርጠሽ ላኪ፣ በስልክ የተቀዳ ድምጽም ቢሆን ችግር የለውም።

እስከዛ ግን ያንን የኃላፊውን ቅጂ ቁጭ ብለሽ ቃል በቃል ገልብጪው፣ ያንቺን በቀይ የሱን በሰማያዊ፣ ቀዩ ምን ያህል እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ።