አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ መጫን፦ ጥያቄና መልስ

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ከኢንቴል በኩልም 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የ3ኛና የ4ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች ዊንዶውሳቸውን ሳይነኩ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳ፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) መጨመር ይፈልጋሉ። ጥያቄዎቻችሁና መልሶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ ብቻ ብጭን አይሻለኝም?

መልስ፦ ፒችትሪ የሚጠቀሙ ከሆነ በፍጹም አያጥፉ። ፒችትሪ የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ላይ በማስመሰያ አስነስቶ የሰው ደሞዝ መሥራት ደግሞ ድፍረት ነው። ኢንተርኔቱን በሊኑክስ፣ ሒሳቡን ከኢንተርኔት በተነቀለ ዊንዶውስ ይሥሩ። ከሁሉ በፊት ግን የኩባንያውን ዳታ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ እዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ኮፒ ባክአፕ አይባልም።

ጥያቄ፦ 4 ጊጋ ራም ነው ያለኝ። የትኛው ሚንት ይሻለኛል?

መልስ፦ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ሚንት። ሲናሞን የሚባለው ሚንት ያምራል፣ ግን ራም ይበላል። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. አፕዴት ያገኛል። ፕሮሰሰርህ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ግን ከ20 ጀምሮ ያሉት ሚንቶች አይነሱልህም። ደግሞ ዲስክህ አሁንም የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ የሊኑክስ ምርጫ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ግዛ። ራም ከጨመርክ፣ 4ኛ ጀነሬሽን የሚፈልገው ዲዲአር3ኤል (1.35 ቮልት) እንጂ ተራውን ዲዲአር3 አይደለም።

ጥያቄ፦ ሲ ድራይቭ ላይ 200 ጊጋ ባዶ አለ፤ ለሊኑክስ ቦታ ልቆርጥ በዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት «ሽሪንክ» ስል ግን 9 ጊጋ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ለምን?

መልስ፦ ባዶው ቦታ አለ፣ መሃሉ ላይ ግን የማይንቀሳቀስ ፋይል ተቀምጧል፤ የሃይበርኔሽን ፋይል፣ ፔጅ ፋይልና የሪስቶር ፖይንት። ዊንዶውስ እነዚህን አልፎ መቁረጥ አይችልም። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፋቸው፣ ሪስታርት አድርግ፣ የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ዲፍራግ አድርግና (የተበታተነውን ፋይል ሰብስብና) እንደገና ሞክር። ቁጥሩ የሚጻፈው በሜጋ ባይት ነው፤ ለ60 ጊጋ 61440። የተቆረጠውን ክፍት ተወው፤ «ኒው ሲምፕል ቮሊዩም» ብለህ ፎርማት እንዳታደርገው። ሲጨርስ ፔጅ ፋይሉን መልሰህ አብራ፤ ሃይበርኔሽኑ እንደጠፋ ይቆይ፣ ምክንያቱ ወደ ታች አለ።

የድሮ ኤችፒዎች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኤምቢአር በሚባለው በድሮው አከፋፈል የተሠራ ዲስክ ከ4 ዋና ፓርቲሽን (ክፍል) በላይ አይይዝም፤ እነዚህ ላፕቶፖች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ አራቱንም ሞልተዋቸዋል፦ ሲስተም፣ ሲ፣ ሪከቨሪ፣ ኤችፒ ቱልስ። አምስተኛ ልትፈጥር ስትል ዊንዶውስ «ወደ ዳይናሚክ ዲስክ ልቀይረው?» ይልሃል። እሺ እንዳትል፤ ያኔ የሊኑክስ መጫኛው አይቀበለውም። ኤችፒ ቱልስን ወደ ፍላሽ ገልብጠህ አጥፋው፤ መመርመሪያ ፕሮግራም እንጂ ሌላ የለውም። ያኔ ከሲ በተቆረጠው ባዶ ቦታ ላይ «ኤክስቴንድድ» የሚባል፣ ሌሎች ክፍሎችን በውስጡ የሚይዝ ፓርቲሽን ይፈጠራል፣ ሊኑክስም እዚያ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ የሊኑክስ መጫኛውን ፍላሽ ሰካሁ፣ ኤፍ12 ተጫንኩ፣ ምንም የለም።

መልስ፦ ኤፍ12 የዴልና የሌኖቮ ነው፤ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ነው። ቁልፉ ትክክል ሆኖ ፍላሹ ካልታየ ብዙውን ጊዜ የማስነሻ ሞዱ አልገጠመም ማለት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ክፈትና «ባዮስ ሞድ» የሚለውን አንብብ። «ሌጋሲ» (የድሮው) ካለ፣ ፍላሹን በሚጽፈው ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ኤምቢአር፣ «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ) ካለ ጂፒቲ መርጠህ ጻፈው። ዊንዶውሱ በአንዱ ሞድ፣ ሊኑክሱ በሌላው ከተጫነ፣ ሲነሳ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ የሚለው የምርጫ ዝርዝር (ግረብ) ሁለቱን አብሮ ማስነሳት አይሆንለትም። ፍላሹም 8 ጊጋ ይበቃል፣ የሚንቱ ፋይል ወደ 3 ጊጋ ነው። በርካሽ የተገዛ «128 ጊጋ» ፍላሽ ከሆነ ግን ጠርጥር፤ ውስጡ ከተጻፈበት እጅግ ያነሰ ሆኖ ፋይሉን አበላሽቶ የሚይዝ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? ባትሪዬ ሞቷል።

መልስ፦ አደገኛው ሰዓት ሲ ድራይቭ የሚቆረጥበት ነው፤ ያኔ ዳታ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል። እሱን ዩፒኤስ ላይ አድርገሽ ሥሪው፣ ዩፒኤስ ከሌለ የሚሠራ ባትሪ ተዋሺ። ቦታው አስቀድሞ ከተቆረጠ ግን መጫኑ የሚጽፈው ባዶው ላይ ስለሆነ፣ ቢቋረጥ ብዙውን ጊዜ የሊኑክሱን ፓርቲሽን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ ሆኜ የዊንዶውሱን ፋይል አያለሁ፣ መጻፍ ግን ይከለክለኛል።

መልስ፦ «ፋስት ስታርትአፕ» ነው። ዊንዶውስ «ጠፋሁ» ሲል እውነት አልጠፋም፤ ግማሹን ሃይበርኔት አድርጎ ነው የሚተኛው። ሊኑክስ ያንን አይቶ ፋይል እንዳያበላሽ እጁን ይሰበስባል። ሃይበርኔሽን ከጠፋ ፋስት ስታርትአፕም አብሮ ይጠፋል። አለዚያ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብተህ የፓወር ቁልፉ ምን እንደሚሠራ የሚመረጥበት ቦታ ላይ ምልክቱን አንሳ።

ጥያቄ፦ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ልዩነቱ ልክ 3 የሆነው ለዚህ ነው። ሚንት ላይ ተርሚናል ከፍተሽ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፤ የመጀመሪያው ቃል ታይም፣ ዴት፣ ከዚያ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ነው፣ ሳይለያይ።

ጥያቄ፦ አማርኛስ? የድሮ የቢሮ ደብዳቤዎቼ በላቲን ምልክት ተሞልተው ይከፈታሉ።

መልስ፦ ለመጻፍ «ኢንፑት ሜተድ» ውስጥ አይባስ የሚባለውን የቋንቋ መጻፊያ ጫኚ፣ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚለውን ጨምሪ፣ ከዚያ አማርኛ ሴራን ምረጪ። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመቺ «ሰላም» ይወጣል። ደብዳቤዎቹ ግን ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የዛሬው አጻጻፍ) ባልሆነ፣ እንደ ድሮው ፓወር ግዕዝ ባለ ፎንት የተጻፉ ናቸው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ከጥንትም ያ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነበር። ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» ከሚለው ፎልደር ያንን ፎንት ገልብጠሽ ሚንት ላይ ከጫንሽው ይነበባል።

ጥያቄ፦ ሊኑክሱን ባልወደው በዲስክ ማኔጅመንት ፓርቲሽኑን ላጥፋ?

መልስ፦ በሌጋሲ ሞድ ከሆነ በቀጥታ አታጥፋ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስተህ የዊንዶውሱን ማስነሻ ጠግን፣ ያለ ግረብ መነሳቱን አይተህ ፓርቲሽኑን አጥፋ። ዩኢኤፍአይ ከሆነ ባዮስ ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን አንደኛ ማድረግ ይበቃል።