ሥጋ መብላት ባቆም ለዓለም የሚፈይደው ነገር አለን?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። አባቴ ሉካንዳ ስላለው በሬ ሲገዛ፣ ከቄራ የመጣው ሥጋ ሲሰቀልና ሲመዘን እያየሁ አድጌአለሁ፤ የተማርሁትም በዚያው ገቢ ነው። በቅርቡ ግን የዓለም ሕዝብ ሥጋ መብላት ቢተው የምድር ሙቀት እንደሚቀንስና ደን እንደሚተርፍ አነበብሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋ አልቀመስሁም። ቤታችን ሙስሊም ነውና እናቴ «ሁዳዴ አትጾም፣ አልታመምህ፣ ምን ነካህ?» ትለኛለች። ዐረፋ ሲመጣ ምን እንደማደርግም ጨንቆኛል። እኔ አንድ ሰው ሥጋ መተዌ ለዓለም ይጠቅማልን? ወይስ የአባቴን እንጀራ በከንቱ እያቃለልሁ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያነበቡት ነገር በመሠረቱ እውነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ በሰው ልጅ ሥራ ምክንያት ወደ አየር ከሚለቀቁት ሙቀት አማቂ ጋዞች 14.5 በመቶ የሚሆኑት ከእንስሳት እርባታ የሚመጡ መሆናቸውን ገምቷል፤ ከዚህም ትልቁ ድርሻ የቀንድ ከብት ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ የበላው ሣርና ገለባ በሆዱ ውስጥ ሲብላላ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል፣ በግሳትም ይወጣል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል የበለጠ ሙቀት ያምቃል፤ ነገር ግን አየር ላይ የሚቆየው ለ12 ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱ በእርስዎ ዕድሜ ሊታይ ይችላል።

እኔን ከጋዙ ይልቅ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜሴክ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ119 አገሮች የተሰበሰበ የ38 ሺህ ያህል እርሻዎችን መረጃ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ዓለም ሥጋንም ወተትንም እንቁላልንም ጨርሶ ቢተው ለምግብ ከተያዘው መሬት ከአራት እጅ ሦስት እጁ ሊለቀቅ እንደሚችል አሳይተዋል። በብራዚል የአማዞን ደን በዋናነት የሚመነጠረውም ለከብት ግጦሽ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚነገረው ስለ ማን ገበታ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት ከ100 ኪሎ በላይ ሥጋ ሲደርሰው፣ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የሚደርሰው ከ10 ኪሎ በታች ነው። በዚያ አገር ለከብቱ ተብሎ በቆሎና አኩሪ አተር ይዘራል፤ በአባትዎ ሉካንዳ የሚሰቀለው በሬ ግን ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ሲያርስ ኖሮ፣ የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ ሲበላ ከርሞ፣ በመጨረሻው ወራት ፉርሽካና ፋጉሎ ቀርቦለት የደለበ ነው። ሰው የማይበላውን ወደ ምግብ ለውጧል፤ ኩበቱም ምድጃ አንድዷል፣ ፍጉም ማሳ አዳብሯል። በባቲ በኩል ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ዝናቡ ለእህል የማይበቃበት አገር አለ፤ የዚያን አገር ሰው ግመሉንና ፍየሉን ተው ብንለው በምትኩ የምንሰጠው ምን ይኖረናል? በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ የወሎ ገበሬ በመጀመሪያ ያጣው ከብቱን ነበር፤ ዝናብ ከተመለሰም በኋላ የሚያርስበት በሬ በማጣቱ ችግሩ ረዝሞበታል።

ለራሳችን እንዳናደላ ይህን ልጨምር። መኖው ደካማ በመሆኑ የእኛ ላም የምትሰጠው ወተት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሊትር ወተት ሲሰላ የምትለቀው ሚቴን ብዙ ይሆናል። በተራራው ወገብ ላይ ያለ ልክ የሚለቀቅ መንጋም አፈሩን ለጎርፍ ይዳርጋል። ለዚህ መፍትሔው ከብቱን ቀንሶ፣ አስሮና በደንብ መግቦ መያዝ ነው እንጂ ፈጽሞ መተው አይመስለኝም።

በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ለእነዚህ ልጆች አንድ እንቁላል፣ አንድ ሲኒ ወተት፣ ትንሽ የተከተፈ ሥጋ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሥጋ መተውን ለእነርሱ እናቶች የሚሰብክ ሰው ባገኝ ፊት ለፊት እቃወመዋለሁ። እርስዎ ግን ሉካንዳ ባለበት ቤት ያደጉ ጤነኛ ጎልማሳ ነዎት፤ የመተው ምርጫም አለዎት።

ከተዉ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ከእንጀራ ጋር ጥሩ ምግብ ናቸው። የእንጀራው ሊጥ መብላላቱ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲገኝ ይረዳል፤ በምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅም እንዲሁ። ጓያን ግን የዘወትር ምግብ አያድርጉት፤ በድርቅ ዘመን ለወራት በእርሱ ብቻ የኖሩ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ቫይታሚን ቢ 12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝምና ወተትና እንቁላል አይተዉ፤ እነርሱንም ከተዉ ሐኪም ያማክሩ።

በደሴ ስለምንኖር አንድ ነገር ልጥቀስ። በሠርግም በሐዘንም ቤት የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ በየድስቱ ለየብቻ ይሠራል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በአንድ ድስት ሲሠራ ግን ሁላችንም ከአንድ ትሪ ቆርሰን እንበላለን። ሥጋ የሌለበት ገበታ ለዓለም ስለሚያደርገው ነገር በተጠየቅሁ ቁጥር ከቁጥሮቹ ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ትሪ ነው።

ከአንድ ሰው ገበታ የሚቀረው ጋዝ፣ ያውም በእኛ አገር፣ እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህን ልደብቅዎት አልወድም። ሆኖም የሰው ልማድ ከቤት ወደ ጎረቤት ሲሻገር አይቻለሁ፤ ከተሞቻችን ገቢያቸው ባደገ ቁጥር ወደ ብዙ ሥጋ እንዳያዘነብሉ የእርስዎ ዓይነት ወጣት ያስፈልጋል። አባትዎም በሐቀኛ ሥራ ያሳደጉዎት ናቸውና በእርሳቸው ሥራ አያፍሩ። ዐረፋን በተመለከተ የሃይማኖቱን ነገር ሸኽዎን ይጠይቁ፤ እኔ የምለምንዎ ግን ኡዱሒያው፣ ማለትም የበዓሉ እርድ ሥጋ፣ ሲከፋፈል የድሆቹን ድርሻ ተሸክመው በየቤቱ የሚያደርሱት እርስዎ እንዲሆኑ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሥጋ የሚሸትበት ቤት በሰፈርዎ አይጠፋም። ለእናትዎም ለእኛ የጻፉልንን ያህል ቁጭ ብለው ያስረዷቸው፤ ያስጨነቃቸው ሥጋውን መተውዎ ሳይሆን ለምን እንደተዉት አለማወቃቸው ይመስለኛል።