መልስ፦ ላብራቶሪ ከሌለ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል

ሰላም እህት፣ ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የአለት መፈረካከስንና የአፈር መሸርሸርን በተግባር እንዴት ላሳይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከመሸርሸሩ ነው የምጀምረው፣ ልጆቹ ቶሎ ይያዛሉ።

ሦስት ሃይላንድ አንድ ጎናቸውን ቅደጂ። አንዱ ውስጥ ባዶ አፈር፣ ሁለተኛው ላይ አፈርና ደረቅ ሣር፣ ሦስተኛው ውስጥ ከነሥሩና ከነአፈሩ የተነቀለ ሣር ይግባ። አፋቸው ወደታች እንዲያዘነብል ከሥር ድንጋይ ደግፊና ከፊታቸው ብርጭቆ አስቀምጪ። ከዚያ እኩል ውኃ፣ ክዳኑ በሚስማር በተበሳሳ ጠርሙስ፣ ቀስ ብሎ እንደ ዝናብ ይውረድ። እኔ መጀመሪያ በጆግ ደፍቼው ሣሩንም አፈሩንም ይዞት ሄደ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ! ከባዶው አፈር የሚወጣው ውኃ ልክ የክረምት ዓባይን ይመስላል። ብርጭቆዎቹ ይደሩና በማግስቱ የዘቀጠውን በማስመሪያ ይለኩት።

ለመፈረካከሱ ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ኮምጣጤ ውስጥ ጨምሪ። ቅርፊቱ እንደ ኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ እያደር እየሟሟ ያልቃል። በጠመኔ አትመኚ፣ ብዙው ጠመኔ ከጂፕሰም ስለሚሠራ ዝም ይልሻል (ተማሪ ፊት አፍሬበታለሁ)። ፍሪጅ ያለው ሰው ካገኘሽ ጢም ብሎ የተሞላ ሃይላንድ በረዶ ቤት ይደር፤ ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ጠርሙሱ ያብጣል፣ የአለት ስንጥቅም በብርዳም አገር እንዲሁ ነው የሚሰፋው።

ልዩነቱን ሲጠይቁሽ፣ እዚያው ባለበት ከተሰባበረ ወይም ከሟሟ መፈረካከስ፣ ተጠርጎ ከሄደ መሸርሸር በያቸው።